አሮጌው ከርነል ይቀመጥ

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ወፍጮ ቤት አለኝ። ወፍጮዬ ሲነሳ ደምበጫ የተኛ ሰው ይነቃል፤ ይህን የምለው ቀነስ አድርጌ ነው። እህል ይዘው የሚመጡ እናቶች ተራቸው እስኪደርስ እኔን መመርመር ይወዳሉ። ከወፍጮ በፊት ምን ትሠራ ነበር ይሉኛል። ከርነል አሽግ ነበር እላለሁ። አንዲት የጅጋ እናት ነገሩን ሲያሰላስሉ ቆዩና በዝናብ ነው የሚበቅለው ወይስ በመስኖ ብለው ጠየቁኝ። በመብራት ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው አዘኑልኝ።

ኀዘናቸው ቦታውን አልሳተም። ያ ሥራ ዛሬ እዚህ አገር የለም፤ የሠራነው ሰዎችም እንደ ተበተነ ገብስ ነን። እኔ ገና ጡረታ የሚያስወጣ ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ ጸጉሬ ግን አስቀድሞ ወጥቷል።

ከርነል ማለት ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ፕሮግራም ነው። ብረቱንና የቀረውን ፕሮግራም የሚያገናኝ ሽማግሌ በሉት። እሱ ካልነቃ ዲስኩን ዲስክ ነህ፣ ኪቦርዱን ኪቦርድ ነህ የሚለው የለም፤ ማሽኑ ውድ የብረት ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ይህን ሽማግሌ እንደ ማሽንህ ልክ ቆርጠህ ሰፍተህ እንድትሠራው ይፈቅድልሃል። እኛ እሱን እየሠራን፣ ማንም ሳይቸገር እንዲጭነው በፓኬጅ አሽገን ለቅርንጫፍ እንልክ ነበር። እንጀራ በልተንበታል፤ ወጡ ግን ብዙ አልነበረም።

የተቀጠርኩት አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቆየን። ዋናው ቢሮ ፍኖተ ሰላም፣ ቅርንጫፎቹ ቡሬና ገበዝ ማርያም ነበሩ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍላል፤ የየገበሬው ድርሻ ሰርቨር ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ጊዜው ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ ጊዜ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ግድግዳውን አፍርሶ ጠረጴዛ በጠረጴዛ የሆነበት፣ ሠራተኛው አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ያስነጠሰ ሰው በሚቀጥለው ግምገማ ለምን እንዳስነጠሰ የሚጠየቅበት ጊዜ።

ሰርቨሮቹን የሰጠን አንድ የውጭ ፕሮጀክት ነው። አስረክቦ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄደ። ማሽኖቹ አገራቸው ላይ ጡረታ ወጥተው የመጡ ናቸው፤ ባይናገሩም ከአያቴ ጋር እኩያ ሳይሆኑ አይቀሩም። የዲስክ መቆጣጠሪያቸው ደግሞ ከሠራው ሰው በቀር በዓለም ላይ ማንም የማያውቀው ዓይነት ነበር። የተለመደው ሊኑክስ ሲጫንባቸው ዲስካቸውን አያዩትም። እኔ ስቀጠር ይህን የፈቱት ጋሼ ባይነሳኝ ነበሩ።

ጋሼ የቋሪት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በስልክ መስመር ሠራተኝነት፣ ከእንጨት እንጨት ሲወጡና ሲወርዱ ነው። ሊኑክስን ያጠኑት ፕሮጀክቱ ጥሎት ከሄደ አንድ መጽሐፍ ሲሆን፣ መጽሐፉ ሽፋን ስላልነበረው ማን እንደ ጻፈው እንኳ አያውቁም። ይጸልዩለት ግን ነበር። መጀመሪያ ቀን ቢሮ ስገባ ቡናማ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ዳዊት የሚደግሙ መስሎኝ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

የሚያነቡት የከርነሉን ጥያቄዎች ነበር። ከርነል ስትሠራ ማሽኑ ይጠይቅሃል። ይህን መሣሪያ ታውቀዋለህ? ላስገባው? ወይስ ለብቻው ላስቀምጠውና ሲፈለግ ልጥራው? ጥያቄው ከጣና ዓሣ ይበዛል። እኔም አዲስ ተመራቂ ነኝና አስተያየት ሰጠሁ።

«ሁሉንም አዎ ብለነው አንገላገልም ጋሼ?»

በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አንተ ለመጣ ሁሉ የቤትህን ቁልፍ ትሰጣለህ?»

«እንደ መጪው ነዋ።»

«እሱን ነው የምልህ። መጪውን እንወቀው።»

ስለዚህ አነበብን። እሳቸው እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ከዚያ ቆም ይሉና «ይሄስ ለማን ነው?» ይላሉ። ለማን እንደሆነ ካላወቅን አዎም አይም አይሉም፤ እስክናውቅ ይፈለጋል። እኔ ሻይ ጠጥቼ፣ ጸጉሬን ተቆርጬ፣ ሚስት አግብቼ ብመለስ ያችው ጥያቄ ላይ አገኛቸው ነበር። ጥያቄ ሳያነቡ ሲያልፉ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ወደ እሱ እደርሳለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ ከርነል ጭነው ማሽኑን ሲያስነሱ ስክሪኑን አያዩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያደርጉና ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ይሰጡታል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ዲስኩ ሲነቃ የሚያሰማውን ድምፅ ስክሪኑ ከመጻፉ በፊት እሰማዋለሁ አሉኝ። የስልክ ሽቦ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ነው። እኔም አብሬ ብዙ ጊዜ አዳምጬ የሰማሁት የራሴን ሆድ ነው።

ማሽኑ ተነሳ ማለት ደግሞ ለጋሼ ተጫነ ማለት አልነበረም። ራሳቸው ተነስተው ገመዱን ከግድግዳው ይነቅሉታል። ዝም ብለው፣ እንደ አረም። መልሰው ይሰኩታል። ማሽኑ ያለ ማንም እርዳታ ሁለተኛ ሲነሳ ያን ጊዜ ተጫነ ይላሉ። መብራት መሄዱ ካልቀረ እኛ ቆመን እያየን ይሂድ ነበር ነገሩ። ከሁሉ በላይ ግን፣ አዲሱን ሲያስገቡ የበፊቱን አያወጡም። አዲሱ ቢያምጽ ማሽኑ ሲነሳ አሮጌውን መርጠህ ትነሳለህ። ጨርሰው ሲነሱ የሚሏት ቃል ሁልጊዜ ያችው ናት፤ አሮጌው ይቀመጥ።

ውሎ አድሮ ሥራው ሰፋ። በአንዱ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ሦስት አራት ቨርቹዋል ማሽን መፍጠር ያዝን። ቨርቹዋል ማሽን ብረት የለውም፤ በሶፍትዌር የተሠራ፣ ራሱን ኮምፒውተር ነኝ ብሎ ያሳመነ ነገር ነው። እንደኛ አለቃ። የዘሩ መዝገብ በአንዱ፣ የማዳበሪያው በሌላው፣ የቁጠባው በሦስተኛው ተቀመጠ። ታዲያ ለብረቱ የሠራነው ከርነል ለነዚህ ከበዳቸው። ብረት የሌለው፣ ብረትን ከከርነሉ የሚያስተዋውቅ ድራይቨር ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ጋሼ ሁለት ዓይነት እንሥራ አሉ። አንዱ ለሰርቨሩ፣ ያን ባለጌ መቆጣጠሪያ ጨምሮ ብረቱን ሁሉ የሚያውቅ፤ አንዱ ለቨርቹዋሎቹ፣ ድራይቨሩ ተራግፎ እፍኝ የማይሞላ። ስም ስናወጣላቸው ከቡሬ ቅርንጫፍ የመጣችው ባልደረባችን ስለናት፣ ትልቁን በቆሎ፣ ትንሿን ጤፍ አለቻቸው። ስለናት ከመናገር ማሰብ የምታስቀድም ልጅ ነበረች፤ እኔና እሷ አንድ ቢሮ መቀመጣችን ተፈጥሮ ሚዛኗን የምትጠብቅበት መንገድ ይመስለኛል።

በቆሎን መሥራት ከጧት እስከ ማታ ይፈጅ ነበር። ማሽኑ ሲግል ክፍሉ ቆላ ይሆናል፤ መብራት ደግሞ ያውቅብናል፤ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ይሄዳል። ያለቀውን በሲዲ፣ ኋላ ኋላ በፍላሽ ይዘን በሚኒባስ ወደ ቅርንጫፍ እንሄዳለን። ገበዝ ማርያም የደረሰኝ እኔ ነኝ። እዚያ ብርዱ ሰውን ድንች ያስመስላል።

አንድ ጊዜ እዚያ ሄጄ ተቻኩዬ፣ አዲሱ ሳይነሳ በፊት ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ከርነል አወጣሁት። ከዚያ አጠፋሁና አስነሳሁ። አልተነሳም። የቅርንጫፉ ኃላፊ ደግ ሰው ነበሩ፤ እስኪነሳ እዚሁ ትዳር ይያዝልህ ብለው ቀለዱብኝ። በማግስቱ ጋሼ በጭነት መኪና ከነባርኔጣቸው ወጡና አነሱት። አልተቆጡኝም። መንገዱን ሁሉ ስለ ንብ ነው ያወሩኝ። በሚቀጥለው ፓኬጅ ውስጥ ግን አንዲት አዲስ ጥያቄ ገባች። ሰው የሚሠራበትን ከርነል ላውጣ ሲል ማሽኑ ቆም ብሎ፣ በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ «አሁን የቆምክበትን ልታወጣ ነው። ይውጣ?» ይላል። ቢሮው ሁሉ የይበልጣል ጥያቄ አላት። ይበልጣል እኔ ነኝ። ሰው በስሙ ድልድይ ይሠራለታል፣ ትምህርት ቤት ይከፈትለታል፤ ለኔ ይህች ሆነች። ኮራሁባት እንጂ አላፈርኩም።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ የዩኒየኖቹ የበላይ አካል ከባሕር ዳር ቡድን ሊልክ ነው ተባለ። የየዩኒየኑ ሰርቨር ተበታትኖ መቀጠሉ አልተወደደም። ቡድኑ አይቶ ከሁለት አንዱን ይወስናል፤ ወይ የኛ ክፍል የአካባቢውን ዩኒየኖች ማሽን ሁሉ ሰብስቦ ያስተዳድራል፣ ወይ የኛም ማሽኖች ተጭነው ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ጋሼ ተስፋቸውን በአፋቸው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ግን አዲስ ማሽን ቢመጣ የሚቆምበትን ቦታ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ አስምረው አየሁ። ባርኔጣቸውንም አሳጠቡ። ያ ባርኔጣ ከተገዛ ጀምሮ ውሃ ያየው በዝናብ ብቻ ነበር።

የጉብኝቱ ጧት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደመላሽ ሰርቨር ክፍሉን ቄጠማ አስጎዝጉዘው ጠበቁን። ጋሼ ምንም ሳይሉ ቄጠማውን ከማሽኖቹ መተንፈሻ ሥር በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉ። አቶ ደመላሽ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይታያል። ከርነሎች የሚቀመጡባት የዲስኩ ክፍል ጠባብ ናት፤ ጋሼ አሮጌ ስለማያወጡ ሞልታ ነበር፤ ማሽኑም ሞላሁ ይላል። እኛ ያን ቀይ እንደ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ከለመድነው ቆይተናል።

«ይሄ ምን ጉድ ነው?» አሉ አቶ ደመላሽ።

«አሮጌ ከርነል ነው። አይጎዳም» አሉ ጋሼ።

«አሮጌ ከሆነ ይጠረግ እንጂ ጋሼ ባይነሳኝ። እንግዳ ፊት ቀይ ነገር?»

እኔ አሮጌው ይቀመጥ የሚለውን ቃል ጠበቅኩ። አልመጣም። ጋሼ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ይህን ነገር ወፍጮ ቤት ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ ፈጭቼዋለሁ። ትእዛዝ ፈርተው አይደለም፤ ከአቶ ደመላሽ በፊት ስንት ሥራ አስኪያጅ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው ሸኝተዋል። ክፍሉ እንዲቀርላቸው ፈልገው ነው። እንግዳ የሚመጣበት ሰው ቤቱን ይጠርጋል፤ ያውም በልጁ ጉዳይ የሚመጣ እንግዳ ሲሆን አብዝቶ ይጠርጋል።

ከጥንቱ ጀምረው አንድ አንድ እያሉ አወጡ። እንደ ልማዳቸው ስማቸውን ጮክ ብለው እያነበቡ። የመጨረሻውን አዲስ አስቀርተው ሌላውን ሊያወጡ ነው ሐሳባቸው። ዝርዝሩ ላይ ቁጥሩ ከሁሉ የሚበልጠው፣ አዲሱም የሚመስለው ግን በቆሎ አልነበረም፤ ጤፍ ነበረች። ፓኬጆቹን የምናሽገው እዚያው ሰርቨር ላይ ስለነበር፣ በትክክል መፈታቷን ለማየት ጭነናት እዚያው ቀርታለች። ብረቱ ላይ ተነስታ አታውቅም፤ ልትነሳም አትችልም። ጋሼ የመጨረሻው በቆሎ ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ቆመና የኔን ጥያቄ ጠየቀ።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። እንግዶቹ ቀደም ብለው ደርሰው አቶ ደመላሽ ሮጠው አስገቧቸው።

ጋሼ እንግዳ ቆሞ የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። ገና ጫማው ሲሰማ መነሳት ጀምረዋል። ግማሽ ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀኝ እጃቸው ለሰላምታ ተዘርግቶ፣ በግራ እጃቸው አዎ የምትለዋን ተጫኑ። ጥያቄዋን አላነበቧትም። ስክሪኑን ዘወር ብሎ ያየ አልነበረም። እኔም ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። አቶ ደመላሽ ፊታቸው እንደ መስከረም በራ።

አንዴ የነቃ ከርነል ማሽኑ እስኪጠፋ በራሱ ይኖራል፤ ከዲስኩ ቢሰረዝም ሥራው አይቋረጥም። ስለዚህ ምንም አልሆነም። እንግዶቹ አዩ፤ ጠየቁ። የቡድኑ መሪ ረጋ ያሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። በአንድ ብረት ውስጥ ሦስት ማሽን ሲሠራ አይተው፣ ይሄን ይዛችሁ ዝም ማለታችሁ ምን ዓይነት ትሕትና ነው አሉ። በጠመኔ የተሰመረው ላይ ቆመው ስፋቱን በእርምጃ ለኩ። ጋሼን አየኋቸው፤ ባርኔጣቸውን ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራሉ።

መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፤ ፉጨት ቢጤ አሰማና አብሮ ሄደ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንግዶቹ ሳቁ፤ ይሄ እኛም ዘንድ አለ አሉ። ጋሼ አልደነገጡም። እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

«ጥሩ ጊዜ መጣችሁ» አሏቸው። «ሲመለስ ማንም ሳይነካው ይነሳል። አዳምጡት።»

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ወንበራቸውን አዞሩ። የቡድኑ መሪም ለአክብሮት ብለው አብረው ዞሩ። ጥቂት ቆይቶ መብራት መጣ፤ ማራገቢያው ተነሳ። ሁላችንም አዳመጥን። እኔ እንደ ወትሮዬ ምንም አልሰማሁም። የጋሼን ፊት ሳይ ግን እሳቸውም ምንም እንዳልሰሙ አወቅኩ።

ስክሪኑ ላይ ዲስክ አላገኘሁም የሚል መጣ፤ ቀጥሎ ከርነሉ ደነገጥኩ ብሎ ጻፈ። የፈረንጅ ማሽን ድንጋጤውን አይደብቅም። ጋሼ ዞረው ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ለእንግዶቹ፣ «ጤፏ ናት። በቆሎውን እኔ ነኝ ያወጣሁት» አሉ። እንግዶቹ ያጋጥማል፣ ምን አለበት፣ ማሽን ነው አሉ። ምሳ ቀርቦ ነበርና ሄዱ።

የዘር መስኮቱ ፊት ገበሬው ተሰልፎ ነበር። ሰኔ ነው። አያ ፈንታሁን የሚባሉ የማንኩሳ ሽማግሌ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«የኔ ልጅ፣ የታመመው ማን ነው?»

«ማሽኑ ነው አያ።»

«ሞተ ወይስ ተኛ?»

«ተኛ።»

«ተተኛማ እንጠብቃለን» ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሰልፉም አብሯቸው ቁጭ አለ።

በቆሎ ያሸግንበት ዲስክ እዚያው የማይነበበው ማሽን ውስጥ ነው። ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ እንደ መሄድ ነበር። ቡሬ ግን የዚህ ማሽን መንትያ አለ። ቡሬ የደረሰው ለስለናት ስለነበር ያን ቀን እዚያው ነበረች፤ ደወልኩላት። ሚኒባስ ስላጣች ማዳበሪያ በጫነ አይሱዙ፣ ከረጢቱ ላይ ተቀምጣ መጣች፤ ፍላሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ጋሼ ወንበራቸውን ለቀቁላት። «አንቺ ሥሪው» አሉ። እሷ ይንኩት እንጂ ጋሼ ብትላቸውም አልነኩም። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ተነሳ፤ አንድም መዝገብ አልጠፋም። አያ ፈንታሁን ዘራቸውን ወስደው መርቀውን ሄዱ። ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ኪቦርድ ሲነኩ አላየሁም።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። አቶ ደመላሽ ይጠረግ ያሉትን እሳቸው አላነሱትም፤ ጋሼም አላነሱባቸውም። ጋሼ ግለ ሂስ ያድርጉ ሲባሉ ተነስተው፣ «ጥያቄውን አላነበብኩም» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ሠራተኛው በየተራ አስተያየት ይስጥ ተባለ። እንግዲህ ማን ነው ጋሼ ባይነሳኝን በሰው ፊት የሚነቅፈው? የሒሳቡ ሰው አስተያየት የለኝም አለ። የመጋዘኑም። ስለናትም አንገቷን ደፍታ እንዲሁ። እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔ ለቅሶ ቤት ገብቼ ሬሳውን የማስቅ ሰው ነኝ። አስተያየት የለኝም አልኩ።

አክብሮት ነበር። ሁላችንም ያከበርናቸው መስሎን ነበር። ላለመንቀፍ ዝም ስንል፣ እኒህ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ስንት ማሽን ከሞት አነሱ የሚልም ሳይገኝ ቀረ። ጋሼ ያን ዝምታ ከዳር እስከ ዳር አዳመጡት። ምን እንደሰሙበት አላውቅም። ሁላችንን አንድ በአንድ አዩንና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ውሳኔው ሲመጣ ማሽኖቹ ባሕር ዳር ይሂዱ የሚል ሆነ። ገበዝ ማርያምና ፍኖተ ሰላም ወዲያው ተነቀሉ። ቡሬ ያለው የማዳበሪያው መዝገብ እስኪዛወር ለጊዜው ይቆይ ተባለ፤ ለጊዜው የሚባል ነገር በኛ አገር ከቤተ መንግሥት ግንብ በላይ ይጸናል፤ ዓመታት ቆየ። ጋሼ ጡረታቸውን ሳይደርስ ጠይቀው ቋሪት ገቡ። ስለናት ባሕር ዳር ተዛወረች። እኔ ቀረሁና ሥራዬ የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ሲደውል አዲስ ማውጣት ሆነ። አንዳንዱ ሰው በቀን ሁለቴ ይረሳል። ከርነሉ ከባሕር ዳር ታሽጎ፣ ቆይቶም ከዚያ ወዲያ ከሩቅ አገር ታሽጎ መምጣት ጀመረ። ጥያቄውን ሁሉ አንድ የማላውቀው ሰው መልሶታል። ለማን ነው የሚል የለም።

ጋሼን አንድ ጊዜ ቋሪት ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። ስለ ንብ አወራን፤ ስለ ድንች በሽታ፣ ስለ ልጆቻቸው። ድንቹን ጨው እያስነኩ አበሉኝ። ያን ቀን ለማንሳት አፌን ስከፍት የቀረበልኝን ጎረስኩበት። እሳቸውም አላነሱም። ስወጣ እስከ ዋናው መንገድ ሸኙኝ፤ መኪናው እስኪመጣም አብረውኝ ቆሙ። ትዝታ ተጽፎ የሚያምርበት ቦታ ላይ ትልቅ ቁም ነገር ተነጋገርን እንዲባል ይፈለጋል። እኛ ድንች በላን።

የቡሬው ማሽን ተነቅሎ እንዲመለስ በመጨረሻ ትእዛዝ የመጣ ጊዜ የተላክሁት እኔ ነኝ። የሥራዬም የመጨረሻ ሳምንት ነበር። ወፍጮውን ገዝቼ ድንጋዩ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ቅርንጫፉ ጓዳ ውስጥ ማሽኑ አቧራ ለብሶ፣ ከረጢት ተደግፎ ይሠራል። መዝገቡን ገለበጥኩ። ሥራው አለቀ፤ መንቀል ብቻ ነው የቀረው። ግን አንድ ጊዜ ሲነሳ ልሰማው ፈለግኩ። ገመዱን እንደ ጋሼ ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፣ ወንበሬን አዞርኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ያን ቀን ዲስኩ ሲነቃ ሰማሁት። ዝቅ ያለ፣ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ነው።

ስዞር ስክሪኑ ጽፎ ነበር። ከርነል ሲሠራ የሠራውን ሰው ስምና የተሠራበትን ማሽን በራሱ ላይ ይጽፋል፤ ሲነሳም ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ እሱ ነው። ባይነሳኝ፣ ፍኖተ ሰላም ይላል። ለጊዜው ይቆይ በተባለ ማሽን ላይ አዲስ የጫነ የለም፤ ስለናትም አሮጌውን ሳታወጣ ነው የሄደችው።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ጋሼ ከንቦቻቸው ዘንድ ነበሩ መሰለኝ፤ ዝግ ብለው ነው ያነሱት። የት እንዳለሁ ነገርኳቸው።

«አስነሳኸው?» አሉ።

«አስነሳሁት ጋሼ። ነቅዬ፣ ሰክቼ።»

«የቱ ነው የተነሳው?»

«በቆሎው። የርስዎ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«ያን ቀን እኮ እንግዳ ቆሞ ነበር፣ ይበልጣል» አሉ።

ቀልድ ፈለግኩ። ዕድሜ ልኬን ስበትነው የኖርኩት ቀልድ አንዲት ቅንጣት አልተገኘችም።

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው። «እኔም ቆሜ ነበር።»

«እህ» አሉ። «በል እንግዲህ፣ ንቀለው። ስልኩን ግን አስጠጋው።»

ስልኩን ከማሽኑ ጎን ከረጢቱ ላይ አስቀመጥኩ። ወንበሬን አዞርኩና ገመዱን ነቀልኩት። ዲስኩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ እስኪቆም፣ እሳቸው ቋሪት፣ እኔ ቡሬ ሆነን አዳመጥነው።